የሚጎትተው ጆይስቲክ

እስኪ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። የተበላሸ ዕቃ ፍለጋ ተራራ የወጣ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? አዲሱ ቤቱ ተቀምጦ ሳለ “እባካችሁ የተበላሸውን ስጡኝ” ብሎ የለመነ? ካላያችሁ እኔን እዩኝ። ያኔ “ልጁ ነካ አደረገው” ያሉ ነበሩ። ዛሬም የሚሉ አሉ፣ አልቀየማቸውም።

በዚያን ጊዜ አርባ ምንጭ፣ ሴቻ ሠፈር ውስጥ ጌም ቤት ነበረኝ። በኮምፒውተር ጥገና ዲፕሎማ ይዤ ሥራ ብፈልግ ብፈልግ ሲጠፋ፣ አባዬ የሽመና ክፍሉን ለሁለት ከፈለልኝ። መሀሉ ላይ መጋረጃ ሰቀልን። ከመጋረጃው ወዲህ የእኔ ወፋፍራም ቴሌቪዥኖችና አሮጌ ፕሌይስቴሽኖች፣ ከመጋረጃው ወዲያ የአባዬ ሸማ መሥሪያ። እሱ እግሩን ጉድጓዱ ውስጥ ከቶ መወርወሪያውን ከቀኝ ወደ ግራ፣ ከግራ ወደ ቀኝ ሲሰድ ይውላል። የእኔ ደንበኞች ደግሞ ጎል ገባ አልገባ ሲጨቃጨቁ ይውላሉ። የመወርወሪያውን ድምፅ ከመልመዳቸው የተነሳ አባዬ ምሳ ሊበላ ሲወጣ “ጋሽ ወልዴ የት ሄዱ?” ብለው ይጠይቁኛል።

አባዬ የዶርዜ ሰው ነው፣ ሽመናን ከአባቱ ጉልበት ሥር ሆኖ ነው የተማረው። ስለ ጌም ያለው አስተያየት አጭር ነበር። “ቀኑን ሙሉ ጣታችሁን ታለፋላችሁ፣ ማታ ግን የሚለበስ ነገር የለም” ይላል። ይህን ብሎ ግን ዝናብ ሲመጣ ሽቦዎቼ እንዳይርሱ የሸማውን መሸፈኛ አንስቶ የሚያለብስልኝ እሱ ነው።

እኔ ደግሞ በጌም ጉዳይ ግትር ነበርኩ። ጌም በተሠራለት ማሽን፣ በራሱ ጆይስቲክ ካልሆነ ጌም አይደለም ባይ ነኝ። ጓደኛዬ ኤርሚያስ በዚህ ይስቅብኛል። እሱ የመንግሥት ሠራተኛ ነው፤ ላፕቶፑ ላይ ኢሙሌተር የሚባል ፕሮግራም ጭኖ፣ የእኔን አሮጌ ጌሞች በሙሉ ያለ ማሽን በኮምፒውተሩ ያጫውታል። “አንተ የምትሸከመውን ብረት ሁሉ እኔ በአንድ ፎልደር ይዤዋለሁ” ይለኛል። እኔም “የልጅቷን ፎቶ ኪስህ ከተህ አገባኋት በላ” እለዋለሁ። በዚህ ስንነታረክ ስንት ጊዜ ምሳ አምልጦናል።

ጆይስቲኮቼ እንደ ከብት ስም ነበራቸው። “ሙሽራው” ለቆየ ደንበኛ ብቻ የሚሰጥ ነው። “ደንቆሮው” ቁልፉን ሁለቴ ካልጫኑት አይሰማም። የሁሉም ጉድ ግን “በሬው” ነበር። ጆይስቲክ ላይ በግራ አውራ ጣት የምትዞር፣ እንጉዳይ የመሰለች ማንቀሳቀሻ አለች አይደል? የበሬው ማንቀሳቀሻ ውስጧ ተበልቶ ሳይነኳት ወደ ግራ ትጎትታለች። መኪና ከነዳህበት መኪናዋ በራሷ ወደ ገደሉ ታመራለች። መንገድ ላይ ለማቆየት አውራ ጣትህን ወደ ቀኝ ገፍተህ፣ ሳትለቅ መያዝ አለብህ። ደንበኞቼ “በሬውን ከምትሰጠኝ ቆሜ ልይ” ይሉ ነበር።

አንድ ጠዋት የመወርወሪያው ድምፅ ተቋረጠ። እኔ ቴሌቪዥን እያስተካከልኩ ስለነበር ልብ ያልኩት ዘግይቼ ነው። መጋረጃውን ስገልጥ አባዬ በግራ ጎኑ ተንጋዶ ግድግዳውን ተደግፏል፤ ቀኝ እጁ መወርወሪያውን ይዟል፣ ግራ እጁ ግን ጭኑ ላይ ወድቃ አትንቀሳቀስም። “እጄን ተኛሁባት መሰለኝ” አለኝ። አልተኛባትም ነበር። ሐኪም ቤት ስንደርስ ስትሮክ ነው አሉን።

ወደ ቤት የተመለሰው ከዘራ ይዞ እየተደገፈ ነው። እግሩ እያደር ተሻለው፣ አንደበቱም ደህና ነበር። እጁ ግን እምቢ አለች። ፊዚዮቴራፒ የምትሠራለት ሰላማዊት የምትባል ትሁት ልጅ ነበረች፤ እኔን ለብቻዬ ወስዳ እውነቱን ነገረችኝ። ተስፋ አለ፣ ግን ጊዜው አሁን ነው፤ በእነዚህ ወራት እጁን ካላሠራት በኋላ መመለሷ አስቸጋሪ ነው አለችኝ። የምትጨበጥ ለስላሳ ኳስም ሰጠችው። አባዬ ኳሷን አገላብጦ አያትና መስኮቱ ላይ አስቀመጣት። “የልጅ ልጅ ሳላይ ራሴ ሕፃን ሆንኩ?” አለ።

ከዚያ በኋላ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። እማዬ የሽፈራው ቅጠል ቀቅላ፣ ዓሣ ጠብሳ ታቀርባለች፤ እሱ አንድ ሁለቴ ቀምሶ “ጠግቤያለሁ” ይላል። ማታ ማታ የጸሎት ቤት ሰዎች መጥተው ሲጸልዩለት አሜን ይላል፣ ሲወጡ ደግሞ ወደ ግድግዳው ይዞራል። አንድ ቀን አጠገቡ ተቀምጬ ስለምነው እንዲህ አለኝ።

“ስማ ልጄ፣ በሽመና ቀኝ ይወረውራል፣ ግራ ይቀበላል። ተቀባይ የሌለው ወርዋሪ ምን ሊሆን ነው? ተወኝ በቃ።”

ያን ቀን ነው የፈራሁት። የፈራሁት ለእጁ አይደለም፣ ለእሱ ነው። አባዬ ከሸማው ውጭ ሌላ ኑሮ አያውቅም፣ እጁ ካልተመለሰች እሱም አብሮን እንደማይቆይ ገባኝ።

መጀመሪያ የደረሰልን ኤርሚያስ ነበር። “ጣቱን የሚያንቀሳቅስበት ነገር እንስጠው” ብሎ ላፕቶፑን ይዞ መጣ፣ አልጋው ላይ ጠረጴዛ ዘርግቶ የመኪና ውድድር ከፈተለት፣ በግራ እጁ የሚጫናቸውን ቁልፎችም አሳየው። አባዬ ለእንግዳ ክብር ሲል ተነስቶ ተቀመጠ። የሞተችው እጁ ግን ቁልፎቹን በጅምላ ነው የምትጫናቸው። በዚያ ላይ ላፕቶፑ አሮጌ ስለሆነ የተጫንከው ነገር ቆይቶ ነው ስክሪኑ ላይ የሚታየው። አባዬ ትንሽ ሞከረና ኤርሚያስን በፍቅር አየው።

“አንተ ልጅ፣ ይሄ ነገር ይዘገያል። እኔ ራሴ ዘግይቻለሁ። ሁለት የዘገየን ሰዎች ተያይዘን የት እንደርሳለን?” አለው።

ኤርሚያስ ሳቀ። ደጅ ወጥቶ ግን ዓይኑን ሲጠርግ አየሁት።

ከዚያ አንድ ከሰዓት እማዬ ጸሎት ልትሄድ ስትል አባዬን ብቻውን መተው ስለፈራሁ ደግፌ ጌም ቤቱ ውስጥ አግዳሚው ላይ አስቀመጥኩት። ቤቱ ሞልቷል፣ ጆይስቲክ በሙሉ ተይዟል። ሜዳ ላይ የቀረው በሬው ነው። እጁ ባዶዋን እንዳትቀመጥ ብዬ ብቻ በሬውን አስያዝኩትና የግራ ጣቶቹን አንድ በአንድ አጥፌ ጠቀለልኩለት፤ አውራ ጣቱንም ማንቀሳቀሻዋ ላይ አስቀመጥኩለት። የመኪና ጌም ከፍቼለት ወደ ሥራዬ ሄድኩ። ጌሙ በተራራ ጠመዝማዛ መንገድ የሚነዳበት ነው፣ በስተግራ ገደል አለው። መኪናዋ እንደተነሳች ወደ ግራ አዘንብላ ገደል ገባች። እንደገና ተነሳች፣ እንደገና ገባች።

“ይቺ ትጎትታለች” አለ አባዬ።

“ተበላሽታ ነው አባዬ፣ ተዋት” አልኩት ዞር ሳልል።

አልተዋትም። እኔ አንዱን ገመድ ስነቅል ስሰካ፣ ከጎኑ የተቀመጠው ልጅ የራሱን ጨዋታ አቁሞ የአባዬን ስክሪን ማየት ጀመረ፤ ቀጥሎም ሌላው። “ያዟት ጋሽ ወልዴ፣ ያዟት” ሲሉ ሰምቼ ቀና ስል መኪናዋ መታጠፊያውን አልፋ መንገዷ ላይ ናት። የአባዬን እጅ አየሁ። ያቺ ሞተች የተባለች አውራ ጣት፣ እየተንቀጠቀጠች፣ ወደ ቀኝ ትገፋለች። ብዙ አልቆየችም፣ መኪናዋም ገደል ገባች። እኔ ግን መጋረጃውን ገልጬ ወደ ሸማው ክፍል ገባሁና አለቀስኩ።

አሁን ስሕተታችንን ልንገራችሁ። የእኛ አገር ሰው ለአባት የተበላሸ ነገር አይሰጥም። ነውር ነው። ወሬው ሠፈሩ ውስጥ ሲዳረስ በማግሥቱ አባዬ እንደገባ ቤቱ በሙሉ ተነሳለት። አንዱ “በሬውን ለጋሽ ወልዴ? ምን ነካህ አንተ?” ብሎ ተቆጣኝና እሱ ይዞት የነበረውን ሙሽራውን አስያዘው። እኔም አፈርኩ፣ አዲስ ሀብታም ይመስል ከአዲስ አበባ ኦሪጂናል፣ ያልተከፈተ ጆይስቲክ አስመጣሁለት። በሬውንም ከዓይኔ ለማራቅ፣ ጨንቻ ጌም ቤትና የኤሌክትሮኒክስ ጥገና ላለው ደጀኔ ለሚባል የሙያ ጓደኛዬ፣ “ፈተህ ተጠቀምበት” ብዬ ሰጠሁት።

አባዬ አዲሱን ሲቀበል መረቀኝ። ሙሽራውን የሰጠውን ልጅም መርቆታል። በየቀኑ ይመጣል፣ ይቀመጣል፣ ያመሰግናል። እጁ ግን አዲሱ ላይ ጋደም ብላ ትውላለች። መኪናዋ ዝም ብላ ቀጥ ብላ ትሄድና ግድግዳ ላይ ትቆማለች። እያደር ቶሎ ቶሎ “ደክሞኛል” ማለት ጀመረ። በመጨረሻ ጭራሽ አልመጣም አለ። ያው ወደ ግድግዳው።

ሰላማዊት መጥታ እጁን ስትመረምር ፊቷ ጨፈገገ። ያን ሰሞን ጥሩ እንቅስቃሴ ጀምሮ እንደነበር፣ አሁን ግን ወደ ኋላ እንደተመለሰ ነገረችን። ምን ቀየራችሁ ብላ ጠየቀች። “ምንም አልቀየርንም፣ እንዲያውም አዲስ ገዛንለት” አልኳት በኩራት። ግራ ገብቷት ሄደች።

በማግሥቱ ጠዋት ፊቱን ሳጥበው፣ ዓይኑን እንደጨፈነ፣ ለመጠየቅ እንደፈራ ሰው በለሆሳስ ጠየቀኝ።

“ያቺ የምትጎትተው የት ደረሰች?”

“በሬው? አባዬ እሷ እኮ የተበላሸች ናት።”

“አውቃለሁ። የት ናት?”

“ለሰው ሰጠኋት። ለምን ጠየቅከኝ?”

ዓይኑን ገለጠ። “ድር ካልተወጠረ ማግ አይገባበትም። ይቺ እጄ ምንም አይሰማትም። አዲሱን ስትሰጠኝ አየር እንደያዝኩ ነው፣ ያለሁበትንም አላውቀው። ያቺ ግን ስትጎትተኝ ወዴት መሳብ እንዳለብኝ አውቃለሁ።”

“ታዲያ ይሄን ሁሉ ጊዜ ለምን አልነገርከኝም?” አልኩ፣ ድምፄ ከፍ ብሎብኛል።

“ልጆቹ ከእጃቸው አውጥተው ሲሰጡኝ፣ አንተም ከአዲስ አበባ ስታስመጣልኝ፣ አልፈልግም ልበል? ይሄ ከአፍ ይወጣል?”

ይሉኝታ! እኛ በክብር እንሰጠዋለን፣ እሱ በክብር ይቀበለናል፣ በመሀል እጁ ትሞታለች። ፎጣውን ጥዬ ተነሳሁ።

ደጀኔ ጋ ደወልኩ፣ ስልኩ ዝግ ነው። ደግሜ ደወልኩ፣ ያው ነው። ቆሜ መጠበቅ አልቻልኩም፣ ወደ ጨንቻ የሚወጣ ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ። መኪናው እስኪሞላ የጠበቅኩት ጊዜ ራሱ አንድ ዘመን ነው። ዳገቱን ስንጀምር ዝናብ ጣለ፣ ከዚያ ጉሙ ወረደ፣ ቀርከሃ የጫነ አይሱዙ ከፊታችን ተደቅኖ አላሳልፍ አለ። ሹፌሩ ቀስ እያለ ይዞራል፤ እኔ የግራ አውራ ጣቴን ጉልበቴ ላይ ወደ ቀኝ እየገፋሁ ራሴን ያዝኩት። በልቤ ደጀኔ በሬውን ፈቶት እንዳይሆን እለምናለሁ። ፈተህ ተጠቀምበት ያልኩት እኔው ነኝ፣ ማንን ልውቀስ?

ጨንቻ ስደርስ ሱቁ ተዘግቷል። ጎረቤቱ ያለችው የፖም ነጋዴ ደጀኔ አያቱ ሞተውበት ለቅሶ እንደሄደ ነገረችኝ። ለቅሶው ያለው ዶርዜ ነው። ዶርዜን ደግሞ አሁን በመኪና አልፌው ነው የመጣሁት። ተመልሼ ወረድኩ።

ለቅሶ ቤት ስደርስ ሰው ብዙ ነው። ረጃጅሞቹ የቀርከሃ ቤቶች ፊት፣ እንሰቱ ሥር፣ ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን ተከናንበው ተቀምጠዋል። ደጀኔ ገና ከሩቅ ሲያየኝ ተነስቶ መጣና አንገቴ ላይ ተጠመጠመ። “ከአርባ ምንጭ ድረስ! በዚህ ዝናብ!” አለና አለቀሰ። ዘመዶቹን እየጠራ “ይሄ ወንድሜ ነው፣ ሰምቶ ከታች ድረስ መጣ” እያለ አስተዋወቀኝ። እኔ ምን ልበል? ለጆይስቲክ ነው የመጣሁት ልበል? “እግዚአብሔር ያጽናችሁ” አልኩና ተቀመጥኩ።

ቆጮ በዳጣ በርበሬ አቀረቡልኝ። የሟች ሴት ልጅ ራሷ ናት “ብላ፣ በርዶሃል” እያለች ያጎረሰችኝ። ጊዜው ይሄዳል፣ ከሰዓት በኋላ መኪና ይቀንሳል፣ አባዬ ግድግዳውን እያየ ተኝቷል። ደጀኔ ከጎኔ ተቀምጦ ስለ አያቱ ያወራኛል፤ እውነትም ደግ ሰው ነበሩ። አፌን እከፍታለሁ፣ ያንን ፊት አይቼ እዘጋዋለሁ። አባዬ ስንት ቀን እንዲህ ሆኖ እንደተቀመጠ የገባኝ ያኔ ነው። በሰው ፍቅር መታሠርም አለ ለካ።

አንድ ሽማግሌ፣ የደጀኔ አጎት ናቸው፣ ትክ ብለው ሲያዩኝ ቆይተው የማን ልጅ እንደሆንኩ ጠየቁኝ። የወልዴ፣ ሴቻ ያለው ሸማኔ ልጅ መሆኔን ነገርኳቸው። ፊታቸው በራ። በልጅነታቸው አብረው ሸማ ተምረዋል ለካ።

“ወልዴ ደህና ነው?” አሉኝ።

ለቅሶ ቤት ነው። የሚባለው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ ደህና ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ምላሴ ላይ ደርሷል። ከዚያ ግን አባዬ አዲሱን ጆይስቲክ ታቅፎ ሲመርቀኝ የነበረው ፊቱ መጣብኝ።

“ደህና አይደለም” አልኩ። “ይቅርታ አድርጉልኝ አባቴ፣ እኔም ለቅሶ መኖሩን ሰምቼ አይደለም የመጣሁት። ደጀኔ፣ ይቅር በለኝ ወንድሜ። በሬውን ፍለጋ ነው የመጣሁት።”

ሁሉንም ነገርኳቸው። ስትሮኩን፣ ገደሉን፣ ሙሽራውን፣ ይሉኝታውን። በአማርኛ ጀምሬ ሳላውቀው ወደ ጋሞኛ ገብቼ ነበር። ሴቶቹ እንኳ ለቅሷቸውን አቁመው ያዳምጡኛል። ስጨርስ አንገቴን ደፋሁ። በሀፍረት መሬቱ ቢውጠኝ እመርጥ ነበር።

ደጀኔ ራሱን ያዘ። “ፈታሁት እኮ” አለኝ። “ባለፈው የተበላውን ውስጡን አውጥቼ ደህና ገጠምኩበት፣ ሠርቶልኛል።”

“የወጣውስ?”

“አልጣልኩትም። ሱቅ ያለው ቆርቆሮ ውስጥ ነው፣ ከሌሎቹ ጋር።”

አጎቱ ከዘራቸውን መሬት ላይ ተከሉ። “ቁልፉን ስጠው” አሉት ደጀኔን። “የሞተ ሰው አይቸኩልም። ልጁ ለቆመው ይድረስለት።” ወደ እኔ ዞረው ደግሞ “ለቅሶም ደርሰሃል፣ አትፈር” አሉኝ። አንድ ዘመዳቸው በሞተር አፈናጥጦ ጨንቻ አደረሰኝ።

ሱቁን ከፍቼ ቆርቆሮውን ገለበጥኩት። ጉድ ነው። ከተለያየ ጆይስቲክ የወጡ፣ አንዱ ከሌላው የማይለይ የማንቀሳቀሻ ዕቃዎች፣ ሁሉም አሮጌ፣ ሁሉም ጥቁር። የቱ የበሬው እንደሆነ በዓይን አይታወቅም። ልሞክራቸው ስል መብራት የለም። ሁሉንም በሙሉ በላስቲክ ቋጥሬ፣ የበሬውን አካል ብብቴ ሥር ይዤ፣ ወደ ታች በሚወርድ የመጀመሪያው መኪና ተሳፈርኩ። ዓባያ ሐይቅ ከጉሙ ሥር ብቅ ሲል እንደ ሕፃን ደስ አለኝ።

ቤት ስደርስ ፀሐይ ገና አልገባችም። ኤርሚያስ አባዬ ጋ ተቀምጧል። ምንም ሳላስረዳ ቴሌቪዥኑን አልጋው አጠገብ አስጎተትኩት፣ መበየጃዬን ሰካሁ። ደህናውን ነቅዬ የተበላሸ መበየድ ጀመርኩ፤ በሙያዬ እንዲህ ያለ ሥራ ሠርቼ አላውቅም። የመጀመሪያውን ገጥሜ ለአባዬ አስያዝኩት። መኪናዋ ወደ ቀኝ ሄደች።

“አይደለችም” አለ።

ነቀልኩ፣ ሌላ በየድኩ። ይቺ ደግሞ ቀጥ ብላ ሄደች። ኤርሚያስ “ይቺን እንኳ ለደንበኛ አስቀምጣት፣ ደህና ናት” አለኝ። ሌላ። የምትጎትተው ወደ ታች ነው። አባዬ ራሱን ነቀነቀ። እጄ በመበየጃው ተቃጥሏል፣ ዓይኔ በጭሱ ያለቅሳል። ኤርሚያስ የሚመጣውን ዕቃ እያጸዳ ያቀብለኛል፤ ያ ሁሉ የኢሙሌተር ጉራው ጠፍቶ ወንበር ሥር ለወደቀች ብሎን በደረቱ ይሳባል። በመሀል እማዬ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ስትቆም አየኋት። ወዴት እንደምታይ ዞሬ ሳይ፣ አባዬ ትራሱን ትቶ፣ ማንም ሳይደግፈው፣ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጧል። “ምን ትቆማለህ፣ ሌላዋን አምጣ” አለኝ።

ሌላዋን ገጠምኩ። ላስቲኩ ውስጥ የቀሩት ጥቂት ናቸው፣ ተስፋዬም እንደዚያው። ጣቶቹን አጥፌ አስያዝኩት። መኪናዋ ተነሳች፣ ትንሽ ሄደችና ወደ ግራ አዘንብላ ገደል ገባች። እንደገና ተነሳች፣ እንደገና ገባች። አባዬ ዓይኑን ከስክሪኑ አላነሳም። ለሦስተኛ ጊዜ ስትነሳ ወደ ግራ ማዘንበል ጀመረች፣ ጠርዙ ላይ ደረሰች፣ ቆመች ማለት ይቻላል፣ ከዚያ በቀስታ ወደ መንገዱ ተመለሰች። አውራ ጣቱ እየተንቀጠቀጠች ትገፋለች። ላብ በግንባሩ ወረደ።

“መጣች” አለ አባዬ።

እማዬ ተንበረከከች። ኤርሚያስ አቀፈኝና “እኔ እኮ ኢሙሌተሩንም በሴቲንግ እንዲጎትት አደርገው ነበር” አለኝ እያለቀሰ። “ዝም በል” አልኩት፣ እኔም እያለቀስኩ።

ሌላው በትዕግሥት የሆነ ነው። ሰላማዊት ነገሩን ስትሰማ ከደስታዋ ብዛት ራሷ መጥታ ተጫወተችበት፣ ገደልም ገባች፣ አባዬም ሳቀባት። ከዚያ በኋላ የእሷ ልምምድና የበሬው ጉተታ ተባብረው ሠሩ። መጀመሪያ አውራ ጣቱ፣ ከዚያ አመልካች ጣቱ፣ ከዚያ መዳፉ። ያቺ መስኮት ላይ የተቀመጠች ኳስም ሳይለመን የሚጨብጣት ሆነች። ደንበኞቼ “ሙሽራውን ልስጥዎት?” ሲሉት አሁን “አልፈልግም” ማለት ተምሯል፤ እነሱም አይቀየሙም።

እናንተ የምታነቡኝ፣ ይህን ያወጋኋችሁ ስለ ጌም አይደለም። ቤታችሁ ውስጥ የምትወዱት ሰው ካለ፣ መቼም አለ፣ ጥሩ ጥሩውን ሰጥታችሁት ሲመርቃችሁ አትመኑት። የሚበጀው የትኛው እንደሆነ ጠይቁት። ሲመልስላችሁ ደግሞ እውነቱን ለመናገር እንዳይፈራ አድርጉ። እኛ ሰዎች በመከባበር ብዛት ስንቱን በቁሙ ቀብረናል መሰላችሁ? እኔ ከዚያ ቀን ወዲህ ለሰው ሻይ እንኳ ሳቀርብ ስኳሩን ጠይቄ ነው። ኦሪጂናል ነው ኮፒ ነው ብዬ ከኤርሚያስ ጋር መጣላትም ትቻለሁ። ለአንድ ሰው የሚበጀው ኦሪጂናሉ ነው፣ ለሌላው ኮፒው፣ ለአባዬ ደግሞ የተበላሸው።

አንድ ጠዋት ቤቱን ስከፍት አባዬ ቀድሞኝ መጥቷል። ከመጋረጃው ወዲያ መወርወሪያው ይሰማል። ይሄዳል፣ ይወድቃል፣ ዝም ይላል፣ እንደገና ይሄዳል። አልገባሁበትም፣ ቆሜ ሰማሁ። እየቆየ መውደቁ ቀነሰ። ፀሐይዋ ጠንከር ስትል መጋረጃውን ገልጦ ወጣ። በሬውን በግራ እጁ ይዟል፤ ዘርግቶ ሰጠኝ፣ በግራ እጁ።

“አሁን ጠግናት” አለኝ። “ልጆቹ ይጫወቱባት።”

አባዬ ዳንኩ የሚል ሰው አይደለም። በራሱ መንገድ ያለው ያን ጊዜ ነው። ተቀብዬው ተቀመጥኩ፣ መፍቻዬን አነሳሁና ጠገንኩት።